ጠርሙሱ ውስጥ ያላበው ቲማቲም

ጠርሙሱን ስከፍተው ሽታው ቀድሞኝ ወጣ። እርጥብ ጆንያ፣ እርጥብ ጆንያ ይላል። ላይ ላዩ ቀይ ነው፤ ደህና ይመስላል። ጣቴን ወደ ውስጥ ስሰድ ግን የታችኞቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። አንዱን ላጥ አድርጌ ሳወጣው ጀርባው ላይ አመድ የመሰለ ሻጋታ አብቅሏል። 5 ኪሎ ቲማቲም ነበር። 4 ቀን ሙሉ ጠዋት እያወጣሁ ማታ እያስገባሁ ያደረቅኩት።

ጥር ነው፤ የቆቦ ቲማቲም ገበያውን ያጥለቀለቀበት ሰሞን። ኮምቦልቻ ያለን ሰዎች ያንን ሰሞን እናውቀዋለን። ቲማቲሙ በሣጥን ተከምሮ ገዢ ያጣል። ጥቂት ወር ቆይቶ ደግሞ ያው ቲማቲም እጅ አያስነካም። እኔም "አሁን በርካሹ ገዝቼ ላድርቅ፣ ሲወደድ እበላዋለሁ" ብዬ ነበር የተነሳሁት። ሐሳቡ ደህና ነበር። አሠራሩን ነው ያላወቅኩት።

ደሴ ለምትኖረው እናቴ ደወልኩላት። ሆድ ብሶኝ ነበር። "አብሽሪ ልጄ" አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ "ቲማቲሙ መች ደረቀና! ደርቆ መስሎሽ ነው የከተትሽው" አለች።

ይኸው ከዚያ ወዲህ 3 ዓመት ሆነኝ። ማንጎ፣ ሙዝ፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዝንጅብል አድርቄያለሁ። ቲማቲሙንም ተመልሼ ይዤዋለሁ። ይህን የምጽፈው እኔ የከፈትኩትን ዓይነት ጠርሙስ እናንተ እንዳትከፍቱ ነው።

ማድረቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቋንጣው፣ ድርቆሹ፣ በሶብላው፣ ኮሰረቱ አለ። ቆላ ወረድ ካላችሁ ቁርቁራው ዛፉ ላይ እንዳለ ይደርቅና ልጆች በኪሳቸው ሞልተው ይዞራሉ። በርበሬማ የማያደርቅ ቤት የለም። እናቴ በርበሬ ስታደርቅ የምታደርገውን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ ልብ ያልኩት ግን ቲማቲሜ ከተበላሸ በኋላ ነው። ከሰሌኑ ላይ አንዱን ዛላ ታነሳለች። ዳር ያለውን አይደለም፤ እጇን ሰድዳ ከመሀል፣ ከሥር ነው የምታነሳው። ጆሮዋ አጠገብ አድርጋ ታንቀጠቅጠዋለች። ፍሬው ውስጡ ኮሽ ኮሽ ካለ ትሰብረዋለች። ስትሰብረው ቀጭ ካላለ፣ ከለመጠ፣ ሰሌኑን እንዳለ ገልብጣ አንድ ቀን ትጨምርለታለች። አንድም ቀን "ይበቃዋል" ብላ በዓይኗ ብቻ አይታ ስትከት አላየሁም። እኔ ቲማቲሙን በዓይኔ ብቻ አይቼ ነው የከተትኩት።

ምን እንደተፈጠረ በኋላ ነው የገባኝ። መጀመሪያ ያሰጣሁት ቆርቆሮ ጣራ ላይ፣ ጨርቅ አንጥፌ ነበር። ቀትር ላይ ቆርቆሮው እጅ ያቃጥላል። ብዙ ሙቀት ማለት ቶሎ መድረቅ ማለት መሰለኝ። ቲማቲም ግን መጀመሪያ ላይ በኃይል ሲሞቅ ላዩ ቆዳ ይሠራል። ቆዳው ከጠነከረ በኋላ ውስጡ ያለው ውሃ መውጫ ያጣል። ላዩን ስትነኩት ደረቅ ነው፤ ልቡ ግን እርጥብ ነው። ጠርሙስ ገብቶ ሲከደን ያ የታሰረ ውሃ ቀስ እያለ ይወጣል። ጠርሙሱ ያልበዋል። ሻጋታ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

በዚያ ላይ ከሥሩ አየር አልነበረውም። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ ፀሐይ ውሃውን ታስነሳለች፣ ነፋስ ደግሞ ይዞት ይሄዳል። ነፋሱ ከሌለ የተነሳው ውሃ እዚያው ያንዣብባል። ሥሩ ከጨርቅና ከቆርቆሮ ጋር የተጣበቀ ነገር በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚደርቀው።

ሁለተኛው ጥፋቴ ደግሞ ይህን ለማስተካከል ስል የመጣ ነው። አየር ከሥር እንዲገባ ብዬ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሽቦ ወንፊት ገዛሁ። የሚያብረቀርቅ፣ ዚንክ የተለበጠ። ቲማቲሙን እሱ ላይ ደረደርኩ። በደንብ ደረቀ። ስቀምሰው ብረት ብረት ይላል። ቲማቲም አሲድ አለው፤ ሎሚም፣ ማንጎም እንዲሁ። አሲዱ ዚንኩን ይበላዋል፣ ዚንኩም ወደ ምግቡ ይገባል። ያንንም ጣልኩት። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሽቦ ለምግብ አትጠቀሙበት። ለዶሮ ቤት ይሁን።

አሁን የምሠራበት ፍሬም ቀላል ነው። አናጢ ጋ ሄጄ በደረቀ እንጨት 1 ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር አሠራሁ። እርጥብ እንጨት አትቀበሉ፤ ይጣመማል፣ ሽታውም ፍራፍሬው ውስጥ ይገባል። ከሥር የጥጥ ገመድ እንደ አልጋ ጠፍር አግድም ቁመት ተወጠረበት። በላዩ ላይ የታጠበ ነጭ ሻሽ ወጥሬ አሰርኩ። ፍሬሙ መሬት አይነካም፤ 4 ብሎኬት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ነፋሱ ከላይም ከሥርም ያገኘዋል። ሻሹ በየጊዜው ተፈትቶ በፈላ ውሃ ይታጠባል። ጉንዳን ካስቸገራችሁ ፍሬሙን እግር ባለው ነገር ላይ አድርጉና እግሮቹን ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሟቸው። እኔ ያረጀ ጠረጴዛ እግር ነው የተጠቀምኩት።

ከላይ ደግሞ ሌላ ሻሽ ይሸፍነዋል። ፍሬውን እንዳይነካ በአራቱም ማዕዘን ላይ ቁመት ያለው እንጨት አድርጌ ወጥሬዋለሁ። ዝንቡ አንድ ነገር ነው፤ ማንጎ ስታሰጡ ግን ንብና ተርብም ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። አጎበር አትጠቀሙ። እኛ አካባቢ፣ ኮምቦልቻም፣ ባቲም፣ ከሚሴም፣ ሐርቡም የወባ ስለሆነ አጎበር በየቤቱ አለ። ቀዳዳው ደቃቅ ነው፣ አየር ያስገባል፣ ዝንብ አያስገባም። ሲያዩት ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ግን የሚታደለው አጎበር ትንኝ የሚገድል ኬሚካል የተነከረ ነው። ምግብ ላይ የሚደረግ ነገር አይደለም። አንዲት ጎረቤቴ ጎመን ሸፍናበት አይቼ ሮጬ ነው ያነሳሁት። ደግነቱ እሷም አልተቀየመችኝም፤ ያን ቀን እኔ ጋ ካለው ሻሽ ቀድጄ ሰጠኋት።

አሁን ስለ ቦታ። ወሎ ውስጥ "ፀሐይ አለ" ማለት ብቻውን አይበቃም። ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን መሀል ላይ ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ሌላ አገር ነው የምትገቡት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850። በአንድ ግንቦት ከአንድ ዛፍ የወረደ ማንጎ ለሁለት ከፍዬ ሞከርኩ። ግማሹን እቤቴ አሰጣሁ፣ ግማሹን ቆርጬ ለእናቴ ወሰድኩላት። የኔው በ3ኛው ቀን እንደ ቆዳ ተጣጠፈልኝ። የደሴው በ3ኛው ቀን ገና እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ቀለሙም ጠቁሯል። ከጦሳ ተራራ በኩል ጉሙ ድንገት ሲወርድ እናቴ ሮጣ ታስገባለች፣ ሲገፈፍ ታወጣለች። ደክሟት ነበር። ፍራፍሬ በፀሐይ ብቻ ለማድረቅ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ፣ የአየሩ እርጥበት ደግሞ ከ60 በመቶ በታች ቢሆን ነው የሚመረጠው። ደሴ ላይ ይህ አብሮ አይገጥምም። ኮምቦልቻም ቢሆን ጥር ላይ ፀሐዩ ደማቅ ነው እንጂ ሙቀቱ እዚያ አይደርስም። የመጀመሪያው ቲማቲሜ አንዱ ችግር ይህም ነበር።

መፍትሔው የመስታወት ሣጥን ነው። የሰፈራችን አናጢ ነው የሠራልኝ። የእንጨት ሣጥን፣ ከኋላው ከፍ፣ ከፊቱ ዝቅ ያለ። ወለሉ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ላዩ ከአሮጌ መስኮት የወጣ መስታወት ነው። ምግቡ ወለሉን አይነካም፤ ፍሬም ላይ ሆኖ መሀል ላይ ይንጠለጠላል። መጀመሪያ "ሙቀቱ እንዳያመልጥ" ብዬ ዙሪያውን ጥርቅም አድርጌ ደፈንኩት። በአንድ ሰዓት ውስጥ መስታወቱ በውስጥ በኩል ጠብታ ሞላበት። ቲማቲሙ መድረቁን ትቶ ሊቀቀል ነው። አናጢው መጥቶ ከፊት ከታች በኩል 6 ቀዳዳ፣ ከኋላ ከላይ በኩል 6 ቀዳዳ በሳልኝና በሻሽ ሸፈንናቸው። ትኩሱ አየር እርጥበቱን ይዞ ከላይ ይወጣል፣ ደረቁ ከታች ይገባል። ያኔ ነው ሥራው የተጀመረው። ውስጡ ቴርሞሜትር አስቀምጫለሁ። ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሲሆን ደስ ይለኛል። ከዚያ ካለፈ መስታወቱን ትንሽ ገለጥ አደርገዋለሁ፣ ያ ላዩ ብቻ የሚጠነክረው ነገር እንዳይመለስብኝ። ጥር ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የሣጥኑ ፊት ወደ ደቡብ ነው።

ማታ ማስገባት ግዴታ ነው። በፍሬምም ይሁን በሣጥን። ቀን የወጣውን ውሃ ጤዛ ሌሊት ይመልሰዋል። አንድ ሌሊት ብቻ ረስቼ አድሬ፣ ጠዋት የነካሁት ካሮት ትናንት ጠዋት እንደነበረው ሆኖ ጠብቆኛል።

ማንጎ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው እሱን ነው። አክስቴ መርሳ ነው የምትኖረው። ከወልዲያ ወደ ደሴ ስትመጡ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምታገኟት ከተማ ናት። በፍራፍሬ ታውቋታላችሁ። መንገደኛ ሁሉ መኪና አቁሞ ይገዛል። አክስቴ ጊቢ 4 የማንጎ ዛፍ አለ። ሁሉም አንዴ ነው የሚደርሰው። ለጎረቤት ይታደላል፣ ይሸጣል፣ ልጆች ይበላሉ፤ የቀረው ዛፉ ሥር ወድቆ ይበሰብሳል። እዚያ ዛፍ ሥር ቆሜ ያንን መሬት ማየት ያመኛል።

ለማድረቅ የሚሆነው በስሎ ያልለሰለሰው ነው። ጫን ስታደርጉት ትንሽ እሺ የሚል፣ የማይፈስ። ልጡን በደንብ ላጡ። ከዚያ ሥጋውን ከፍሬው ግራና ቀኝ ቁረጡና በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ክተፉት። ውፍረቱ እኩል መሆን አለበት። አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም ከሆነ ቀጭኑ ሲሰባበር ወፍራሙ ገና እርጥብ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከከተታችሁ ወፍራሙ ቀጭኑን ያበላሸዋል። ሻሹ ላይ ሲደረደር አይነካካም። ግማሽ ቀን ላይ አንድ በአንድ ይገለበጣል። 1 ኪሎ የተላጠ ማንጎ ሲደርቅ ወደ 200 ግራም ነው የሚሆነው። መጀመሪያ ሳየው "ይህቺ ብቻ?" ብዬ ነበር። የቀረው ውሃ ነው የነበረው።

መድረቁን የማውቀው እንዲህ ነው። ጥቂቱን ከመሀል አንስቼ ጥላ ውስጥ አስቀምጬ አቀዘቅዘዋለሁ። ይህን አትዝለሉት። ትኩስ ሲሆን የደረቀውም ለስላሳ ይመስላል፣ ያልደረቀውም ያው ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ አጥፈዋለሁ። እንደ ጫማ ቆዳ ታጥፎ ካልተሰበረና እርስ በርሱ ካልተጣበቀ ጥሩ። ከዚያ እቀደዋለሁ። የተቀደደው ጫፍ ላይ ጠብታ ካየሁ ወይም ጣቴ ከረጠበ ይመለሳል።

ክር የበዛበት የሀገር ማንጎ ግን በክታፊ አይሆንም፤ ጥርስ ውስጥ ይገባል። እሱን ጨምቄ በወንፊት አጠልለዋለሁ። ወፍራሙን ጭማቂ ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ ስስ አድርጌ አፈሰዋለሁ፤ መሀሉ ቶሎ ስለማይደርቅ ዳሩን ትንሽ ወፈር አደርገዋለሁ። ሲደርቅ እንደ ቂጣ ተላጦ ይነሳል። ጠቅልዬ በመቀስ እቆርጠዋለሁ። ስኳር የለውም፣ ምንም የለውም፤ ማንጎ ብቻ ነው። የአክስቴ የልጅ ልጆች ለዚህ ሲሉ ነው እኔን የሚወዱኝ ብትሉ አላፍርም።

ሙዝና ፖም ሲቆረጡ ይጠቁራሉ። ሎሚ ጭማቂና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ 10 ደቂቃ ብትነክሯቸው ቀለማቸው ይቆያል። ውሃው በደንብ ይንጠፍጠፍ።

አትክልት ሌላ ጣጣ አለው። ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ጎመን፣ ድንች ጥሬውን ቢደርቅ ይደርቃል፤ ግን በ2 ወር ውስጥ ቀለሙ ይጠፋል፣ ድርቆሽ ሣር ድርቆሽ ሣር ይላል። ውስጡ ያለው ኢንዛይም የሚሉት ነገር ደርቆም ሥራውን ስለማያቆም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፈላ ባለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ቀቀል ይደረግና ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባል። ካሮት በቀጭኑ ተከትፎ 3 ደቂቃ፣ ድንች 5 ወይም 6 ደቂቃ፣ ጎመን ልምሽሽ እስኪል ድረስ ብቻ። ደሴ ያላችሁ ደቂቃ ጨምሩበት። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሲፍለቀለቅ አይታችሁ እኩል የሞቀ እንዳይመስላችሁ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያና ቲማቲም ይህ አያስፈልጋቸውም።

ጎመንን ፀሐይ ላይ አታስጡት። ቀጥታ ፀሐይ አረንጓዴውንም ቫይታሚኑንም ይወስደዋል። ነፋስ የሚገባበት በረንዳ፣ ጥላ ውስጥ። እኔ ከግንዱ ለይቼ በገመድ ላይ በሻሽ ዘርግቼ ነው የማደርቀው። በእጅ ሲፈተግ ሲደቅ ደርሷል። ካሮትና ሽንኩርትም ቀጭ ብለው መሰበር አለባቸው፤ እንደ ማንጎ ቢተጣጠፉ ገና ናቸው። አትክልት እንደ ፍራፍሬ ስኳርና አሲድ ስለሌለው ቶሎ ነው የሚበላሸው፤ ቀን ቀን የሚንጠባጠብ ፀሐይ አይበቃውም። ሰማዩ ካላማረ ባትጀምሩት ይሻላል።

ሽንኩርት ስታደርቁ ከልብስ ማስጫው አርቁት። እኔ የባለቤቴን ሸሚዝ ሁለቴ አጥቤያለሁ።

ወደ ቲማቲሙ እንመለስ። በሚቀጥለው ጥር እንደገና 5 ኪሎ ገዛሁ። ሞላላውን፣ ሥጋው የሚበዛውንና ውሃው የሚያንሰውን። ለሁለት ሰንጥቄ ፍሬውንና ውሃውን በጣቴ ጠርጌ አወጣሁ። ከዚያ ክትፍ አድርጌ፣ ጨው ነካ ነካ አድርጌበት፣ የተቆረጠው ወደ ላይ ሆኖ ሣጥን ገባ። በሁለተኛው ቀን ገለበጥኩት። በአራተኛው ቀን ደርሶ ነበር፤ እኔ ግን አንድ ቀን ጨመርኩለት። የወጣው 350 ግራም አካባቢ ነው።

ጠርሙስ ውስጥ ስከተው ግን አልጠቀጠቅኩትም፤ ላላ አድርጌ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ብቻ ሞላሁት። ከደንኩት። መደርደሪያ ላይ ሳይሆን የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ሁልጊዜ የማየው ቦታ አስቀመጥኩት። ጠዋት ጠዋት ቡና ስናፈላ ነቅነቅ አደርገዋለሁ። ለ10 ቀን። በደንብ ያልደረቀ ቁራጭ ካለ ውሃው ወደ ደረቁት ይከፋፈላል፤ ከበዛ ደግሞ መስታወቱ ላይ ይታያል። በ3ኛው ቀን ክዳኑ ሥር ጭጋግ አየሁ። በጣም ትንሽ ነው፤ በጣት ሲጠረግ የሚጠፋ። ያለፈው ዓመት ብሆን ጠርጌ እተወው ነበር። አውጥቼ አንድ ቀን ሙሉ ሣጥኑ ውስጥ መለስኩት። እንደገና 10 ቀን ቆጠርኩ። ጭጋግ አልተመለሰም። ያ ቲማቲም እስከ ክረምት ድረስ ቆየኝ።

በዚህ ጊዜ ጭጋግ ካያችሁ መልሳችሁ አድርቁት። ሻጋታ ካያችሁ ግን የጠርሙሱን በሙሉ ጣሉት። "የሻገተውን ለይቼ ሌላውን ወጥ እሠራበታለሁ" አትበሉ። አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይተዋል፤ ጉበት ይጎዳል፣ ብታበስሉትም አይጠፋም። በርበሬም ላይ ያው ነው። እኛ ቤት ምግብ መጣል ከባድ ነገር ነው፤ እናቴ ፍርፋሪ ሲወድቅ አንስታ ከፍ ያለ ቦታ የምታስቀምጥ ሴት ናት። ይህን ስነግራት ብዙ አሰበች። በመጨረሻ "ሰው ከሚታመም ይጣል" አለች። ያንን ቀን አልረሳውም።

ነቀዝና ትል ደግሞ አለ። ውጭ የደረቀ ነገር ላይ ዓይን የማያየው እንቁላል ሊኖር ይችላል። ፍሪዘር ያላችሁ በላስቲክ አሽጋችሁ 2 ቀን ሙሉ አቆዩት። መብራት ከጠፋ ቆጠራውን እንደገና ጀምሩ። ኦቨን ካላችሁ በ70 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ነው የሚታሸገው።

ማስቀመጫ ላይ የደሴ ሰዎች ዕድላችሁ ነው። የደረቀ ነገር የሚወደው ብርድና ጨለማ ነው። እኔ ኮምቦልቻ አድርቄ አብዛኛውን እናቴ ቤት ነው የማስቀምጠው። እሷ ጋ ያለው ካሮት ቀለሙ እንደያዘ ስድስተኛ ወሩን ያልፋል፤ የኔው በአራተኛው ወር ይገረጣል። ፍራፍሬ ብርድ ቦታ እስከ ዓመት ይቆያል፣ አትክልት የዚያን ግማሽ ቁጠሩለት። ከትልቅ ጠርሙስ ትንንሽ ጠርሙስ ይሻላል፤ አንዱን በከፈታችሁ ቁጥር ሌላው እርጥበት አያገኝም። ቀኑን ጻፉበት።

የደረቀ ቲማቲም ወይም ነጭ ሽንኩርት በዘይት ነክራችሁ ከፍሪጅ ውጭ አታስቀምጡ። ያምራል፣ ሲሠራም አይቻለሁ። ግን ዘይት አየር ይከለክላል፤ አየር በሌለበት የሚራባ አደገኛ ባክቴሪያ አለ፤ ሽታም ጣዕምም ሳይቀይር ሰው ይገድላል። ከፈለጋችሁ ለዕለቱ ብቻ ንከሩ።

አበሳሰሉ ቀላል ነው። የደረቀ አትክልት ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ይዘፈዘፋል። የተዘፈዘፈበትን ውሃ አትድፉት፣ ወጡ ውስጥ ጨምሩት፤ ጣዕሙ እዚያ ነው። ቲማቲሙን እኔ ብዙውን አስፈጭቼ ነው የማስቀምጠው። ሽሮ ላይ አንድ ማንኪያ ጣል ሲደረግበት ቀለሙ ይለወጣል። የእህቴ ልጅ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ነው የደረሰው። ድሮ በሶና ቆሎ ነበር የምንልክለት። አሁን የቲማቲም፣ የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ከሽሮው ጋር ቀላቅዬ እልክለታለሁ። ውሃ አፍልቶ መጨመር ብቻ ነው። ጾም የምትይዘው የመኝታ ክፍሉ ጓደኛው እናት ደውላ "ምን አድርገሽበት ነው?" ብላ አሠራሩን ጠይቃኛለች።

የደረቀ ፍራፍሬ ስኳሩ የተሰበሰበ ነው። አንድ እፍኝ የደረቀ ማንጎ ማለት አንድ ሙሉ ማንጎና ከዚያ በላይ ነው። አባቴ ስኳር ስላለበት እኔ ራሴ ነኝ ቆጥሬ የምሰጠው፤ 2 ቁራጭ። ረመዳን ላይ ቴምሩ አጠገብ ሲቀመጥ ዓይኑ ወደዚያ ይሄዳል። እናቴ ሳህኑን ወደ እኔ ትገፋዋለች።

ሰኔ ሲገባ እኔ አቆማለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ማድረቅ የለም፤ ከደመናው ጋር አልታገልም። የማደርገው ጠርሙሶቹን በየ2 ሳምንቱ እያየሁ ክዳናቸው ሥር ጣቴን ማስኬድ ነው። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ በቃሪያና በካሮት እጀምራለሁ።

አክስቴ ባለፈው ስትደውል ዛፎቹ አበባ መያዛቸውን ነግራኛለች። "ዘንድሮ አንድም መሬት ላይ እንዳይቀር" አለችኝ። 4 ፍሬም አዝዣለሁ። አናጢው 2ቱን ጨርሷል፤ ገመዱን ግን እኔ ራሴ ነኝ የምወጥረው።